የወጣ ይተካል፦ ገና መጥባት ላልቻለ ጨቅላ ወተት እያለቡ ስለ መቆየት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ልጄ ያለ ቀኑ ተወልዶ ሙቀት ክፍል ነው፣ በፓምፕ እያለብኩ እወስድለታለሁ፣ አሁን ግን ወተቱ እየቀነሰብኝ መጣ። ምን ልብላ? ምን ልጠጣ?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የጤና ባለሙያ አይደለሁም። የመጀመሪያ ልጄ ያለ ጊዜው ስለተወለደ፣ ለመጥባት አቅም እስኪያገኝ ድረስ ወተቴን እያለብኩ ያቆየሁት እናት ነኝ። የምጽፈው ከሲስተሮቹና ከሐኪሞቹ የተማርኩትን፣ በኋላም ፈልጌ ያነበብኩትን ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። የወተትሽን መጠን የሚወስነው የጠጣሽው አጥሚት ብዛት ሳይሆን ጡትሽ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚታለብ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ምግቡም፣ እረፍቱም፣ ፓምፑም፣ ለዚህ አጋዥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በእርግዝና ወራት ጡት ወተት ለመሥራት ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ግን በብዛት እንዳያመርት ይይዘዋል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ያ ሆርሞን በፍጥነት ይወርድና፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ሞልቶ ይመጣል። ይህ የመጀመሪያው ሙላት ልጁ ጠባም አልጠባም የሚመጣ ነው። ብዙ እናቶችን የሚያዘናጋውም እሱ ነው። በሦስተኛው ቀን ጡት ተወጥሮ ሲታይ «ተመስገን፣ ወተቱ መጣ» ይባልና ሥራው ያለቀ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን ወሳኙ ጡቱ ራሱ ነው። ወተት ተጠራቅሞ ከቆየ ምርቱ ይዘገያል፤ ከወጣ ምርቱ ይፈጥናል። ላም ካለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ በሰዓቷ ያልታለበች ላም የምትሰጠው እያነሰ ሄዶ ትነጥፋለች። እኛም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የምንሰጠው ትእዛዝ ነው ለቀጣዮቹ ወራት የሚቆየው። በዚያ ጊዜ የቀረ ማለብ በኋላ ሊካካስ ይችላል፣ ግን በብዙ ድካም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትልቅ ቀን ነው። ልጁ ከእናቱ ተለይቶ ወደ ሙቀት ክፍል ከገባ፣ ከተቻለ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ካልሆነም በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለብ መጀመር አለባት። በኦፕራሲዮን የወለደችም ቢሆን። እሷ ቀና ማለት ካቃታት እናቷ ወይም እህቷ እጇን ታጥባ ልትረዳት ትችላለች። በዚህ ቀን ፓምፕ ብዙም አይጠቅምም፤ እንገሩ ወፍራምና ጥቂት ስለሆነ በዕቃው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በእጅ ነው የሚታለበው። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች አድርገሽ፣ ከጡት ጫፉ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ፣ ከዚያ ጣቶችሽን አቀራርበሽ ጨመቅ አድርጊና ልቀቂ። ቆዳውን አትሺው፣ ጫፉንም አትጎትቺው። ጥቂት ጊዜ ደጋግመሽ ጣቶችሽን ዙሪያውን እያዛወርሽ ቀጥይ። የሚወጣውን ጠብታ በንጹሕ ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ስሪንጅ ተቀበይው።

የሚወጣው ጠብታ ነው፤ በጣም ጥቂት ነው። እባክሽ አይተሽው አታልቅሺ። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕፃን እንኳ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚጠባው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ያለ ጊዜው የተወለደው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚሰጠው። በአንዳንድ አካባቢ አሁንም «ቆሽሿል፣ ሆድ ያማል» ተብሎ እንገር ይደፋል። እንገር ለጨቅላ የመጀመሪያው መከላከያ ነው። በተለይ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆችን ከሚያሰጋው ከባድ የአንጀት ሕመም የሚጠብቃቸው የእናት ወተት ስለሆነ፣ አንዲቷም ጠብታ መደፋት የለባትም።

ወተቱ ሞልቶ ከመጣ በኋላ ፓምፑ ሥራውን ይጀምራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ማለብ ያስፈልጋል። ይህን ስል ብዙዎቻችሁ «በየሦስት ሰዓቱ ሰዓት ቆጥሬ?» ትሉኛላችሁ። የግድ በእኩል ርቀት መሆን የለበትም። ጠዋት ቶሎ ቶሎ አልበሽ ከሰዓት ብታራርቂው ችግር የለም። ድምሩ እንዳይጎድል፣ በሁለት ማለብ መካከልም ከአምስት ሰዓት በላይ እንዳያልፍ ብቻ ጠብቂ። ሌሊቱ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን በሌሊት ከፍ ይላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ጡት ሞልቶ ማደሩም ምርቱን ያዘገያል። ቢያንስ አንድ ጊዜ ሌሊት መነሳት ከባድ ነው፤ በተለይ የሚያለቅስ ሕፃን አጠገብሽ ሳይኖር፣ ለስልክ ጩኸት ብቻ መነሳት ልብ ይሰብራል። ግን ወተታቸው ቀንሶባቸው ከጻፉልኝ እናቶች ጋር ነገሩን ወደ ኋላ ስንመረምር፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው፦ «አራስ ናት፣ ትተኛ» ተብላ ሌሊቱ ተዘልሏል።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ በቀን ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር መድረስ ጥሩ ግብ ነው። የዚያን ጊዜ ልጅሽ ያን ሁሉ አይጠጣም ይሆናል፤ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በአማካይ በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ስለሚጠባ ግን ለነገው እያዘጋጀሽለት ነው። በዚያ ጊዜ በቀን ከ350 ሚሊ ሊትር በታች ከሆንሽ ዝም ብለሽ አትጠብቂ፣ ለሐኪምሽ ወይም ለሲስተሯ ንገሪ። አንድ ነገር አደራ፦ የአንድ ጊዜውን ጠርሙስ አይተሽ አትፍረጂ። ጠዋት የሚወጣውና ማታ የሚወጣው በጣም ይለያያል። የ24 ሰዓቱን ድምር በደብተር ጻፊ፣ እሱን ነው ካለፈው ቀን ጋር የምታስተያዪው። በቲክቶክ የሚታየውን በወተት ከረጢት የተሞላ ፍሪዘር ደግሞ ተይው። የአንቺ መለኪያ የልጅሽ ክብደት ነው።

አሁን ስለ ፓምፑ። ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ የሚያልብ ፓምፕ ጊዜም ይቆጥባል፣ የተሻለም ያወጣል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ፍጥነቱንና ጉልበቱን ከፍ ስላደረግሽው ብዙ ወተት አይመጣም፤ ሳያምሽ የምትችይው ከፍተኛው ላይ አቁሚው። ሕመም ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን ያግዳል፤ ስለዚህ እያመማት የምታልብ ሴት የምታወጣው ያነሰ ነው። ካመመሽ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጡት ላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ አፍ ነው። ከፓምፑ ጋር የሚመጣው መጠን ለሁሉም አይሆንም። የጡትሽ ጫፍ በቱቦው ውስጥ ግድግዳውን ሳይፈትግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አለበት፤ ዙሪያው ያለው ጥቁር ቆዳ ደግሞ በብዛት ተስቦ መግባት የለበትም። ከተፈተገ ጠቦሻል፣ ቆዳው ከገባ ሰፍቶሻል።

ትንሽዋን የላስቲክ ቫልቭም አትርሺ። ስታረጅ ወይም ስትቀደድ ፓምፑ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይስብም፤ እናትየው ደግሞ ወተቷ የነጠፈ ይመስላታል። ዘመድ ከአሜሪካ ፓምፕ ሲያመጣላችሁ ደግሞ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። «100-240» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰካል፤ 110 ወይም 120 ብቻ ከሆነ ዕቃው ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋስ? ለዚያ ነው እጅ ማለብን መጀመሪያ ቀን መማር ያለብሽ። በእጅ የሚጨመቀው ርካሹ ፓምፕም ቤት ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በጣም የሚጠቅመው ነገር ገንዘብ አያስወጣም፤ ፓምፑ እየሠራ በእጅ ማገዝ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ጡትሽን በቀስታ አሻሺ፤ በመሀል የጠጠረውን ቦታ ጫን ጫን አድርጊ፤ ፓምፑን ካቆምሽ በኋላ የቀረውን በእጅሽ ጨርሺ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ የስታንፎርዷ ዶክተር ጄን ሞርተን የመሩት ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው የወለዱ እናቶች በፓምፕ ላይ እጃቸውን ሲጨምሩበት የቀን ወተታቸው በአማካይ 48 በመቶ እንዳደገ አሳይቷል። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ወተት ቅባቱ የበዛ ነው፤ ክብደት መጨመር ላለበት ትንሽ ልጅ ደግሞ እሱ ነው የሚፈለገው።

ወተት እንዲወርድ ልብም መረጋጋት አለበት። ድንጋጤ፣ ብርድ፣ ሐሳብ ሁሉ ያግዱታል። ትከሻሽን ሙቀት ባለው ጋቢ ሸፍኚ፣ የልጅሽን ፎቶ እዪ፣ የተጠቀለለበትን ጨርቅ አሽትቺ። ሆስፒታሉ ከፈቀደ ደግሞ ልጅሽን ራቁቱን በደረትሽ ላይ አድርገሽ ቆዪና ወዲያው አልቢ፤ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። ይህ የካንጋሩ እንክብካቤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ማሞቂያ ባነሰበት ሆስፒታል የተጀመረ ነው። እኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጠንቶ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ለልጁ ሙቀት ነው፣ ለእናቲቱ ደግሞ ወተት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ፤ ምን ልብላ? አጥሚቱን ጠጪ። ገንፎውን ብዪ። የምታጠባ ሴት ከሌላው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ የእናቶቻችን የአራስ ምግብ ይህን አሟልቶ ይሰጣል። አራስን መመገብ ከባህላችን መልካም ነገሮች አንዱ ነው፣ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ግን ያልታለበን ጡት አጥሚት አይሞላውም። ስለ አብሽ የተሠሩ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው፤ አንዳንዷን ይረዳል፣ ሌላዋን አይረዳም። የስኳር በሽታ ያለባት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ግን በብዛት ከመጠጣቷ በፊት ሐኪም ትጠይቅ። ውኃም እስኪበቃሽ ጠጪ፤ ከጥም በላይ በግድ መጠጣት ወተት አይጨምርም። አንድ ሁለት ስኒ ቡና ችግር የለውም።

ስምንትና ከዚያ በላይ ጊዜ በደንብ እያለብሽ ወተቱ ካልመጣ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ ምክንያት ይኖረዋል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ በማኅፀን መቅረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቀደም ሲል የተሠራ የጡት ቀዶ ሕክምና ሁሉ ሊያሳንሱት ይችላሉ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒንና ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒትም ወተት ይቀንሳሉ፤ መድኃኒት ሲታዘዝልሽ «እያለብኩ ነው» በዪ። ወተት ይጨምራል ተብሎ የሚሸጥ ክኒን ግን ከሰፈር ፋርማሲ በራስሽ አትግዢ። ዶምፔሪዶን የልብ ምት ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ብቻ የሚወሰን ነው። ጡትሽ አንድ ቦታ ቀልቶ ካበጠ፣ ካተኮሰሽና ከተንቀጠቀጥሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። እስከዚያው አጥብቀሽ አትሺው፣ ከወትሮው በላይም አታልቢ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ በተለመደው ሰዓትሽ ቀጥይ።

አንዳንዴ ያለ ሕመምም ይቀንሳል፤ የወር አበባ ሲመለስ፣ ሐዘን ሲደርስ፣ ሥራ ሲጀመር። ብዙ እናቶች ያን ጊዜ ለጥቂት ቀናት በቀን አንድ ሰዓት መርጠው 20 ደቂቃ ያልባሉ፣ 10 ያርፋሉ፣ 10 ያልባሉ፣ 10 ያርፋሉ፣ እንደገና 10 ያልባሉ። ሕፃን ሲያድግ ቶሎ ቶሎ እንደሚጠባው ነው። ለብዙዎች ሠርቷል፤ ግን የዕለቱን ስምንት ጊዜ አይተካም።

የታለበውን ስለማቆየት በአጭሩ። እስከ 25 ዲግሪ ባለው ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ገደማ ይቆያል። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ፣ ሰመራ ላላችሁ የክፍሉ 4 ሰዓት አይሠራም፤ ወዲያው ወደ ቅዝቃዜ አስገቡት። የቀለጠ ወተት ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፣ እንደገና በረዶ አይደረግም። በማይክሮዌቭ አታሙቁት፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሙት። ልጃችሁ ሙቀት ክፍል ከሆነ ሆስፒታሉ የራሱ ጠበቅ ያለ ደንብ ስለሚኖረው እሱን ጠይቁ። ወተት የነካውን ዕቃ በእያንዳንዱ ጊዜ ለብቻው በተለየ ሳፋ በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡ፣ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ 5 ደቂቃ ቀቅሉት።

ሥራ ስለመመለስ ብዙ ጠይቃችሁኛል፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሆናል። አሁን ይህን ብቻ ልበል፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የእናት ወተት ብቻ ስጡ የምንባለው ደግሞ ስድስት ወር ነው። የሦስት ወሩን ክፍተት የሚሞላው ቢሮ ውስጥ በሩ የሚቆለፍ አንድ ትንሽ ክፍልና ፍሪጅ ነው፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ እህቶች፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የጸደቀው ሕግ ከወለዳችሁ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የምታልቡበት ጊዜና ከመጸዳጃ ቤት የተለየ ቦታ እንዲሰጣችሁ አብዛኛውን አሠሪ ያስገድዳል። አብዛኛው ኢንሹራንስም ፓምፕ ስለሚሸፍን ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ።

አሁን ደግሞ ለአራስ ቤት ሰዎች፣ ለባሎች፣ ለእናቶች፣ ለአማቶች፣ ለጠያቂዎች። የምታልብ እናት እንግዳ ፊት አፍራ ሰዓቷን ታሳልፋለች። ገንፎ ይዞ የመጣ ሰው ሦስት ሰዓት ሲቀመጥ እሷም ጡቷ ተወጥሮ አብራ ትቀመጣለች፤ «ልጅሽ እንዴት ነው?» ለሚል ሁሉ ትመልሳለች። እንዲህ ያለ ቀን ሲደጋገም ወተቱ ይቀንሳል፤ ከዚያ «ወተት የላትም» ትባላለች። ይህ መቅረት አለበት። ስትጠይቋት ምግቡን አቀብሉ፣ ሰዓቷ ሲደርስ ተነስታ እንድትገባ እናንተ ቀድማችሁ ንገሯት። አባትየው ሌሊት አብሮ ይነሳ፤ እሷ ስታልብ እሱ ዕቃውን ይጠብ፣ ወተቱን ጠርሙስ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፎ ያስቀምጥ፣ ጠዋትም ሆስፒታል ያድርስ። ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ ማንም አይጠይቃት።

ወተትሽ ግማሹን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ግማሹን ስጪው፣ የቀረውን ሐኪሙ ባዘዘው ሙሉለት፣ ማለብሽንም አታቁሚ። ዛሬ ወልደሽ ልጅሽ ሙቀት ክፍል የገባብሽ ካለሽ ደግሞ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ ነገ አታቆዪው። አሁኑኑ ሲስተሯን ጥሪና «በእጅ ማለብ አሳዪኝ» በያት።